ከነገሥታት ግንብ እስከ ጓሮ፤ የድንክ ፖም ዛፍ አመጣጥ

በአንድ የችግኝ ጣቢያ መደብ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የፖም ችግኞች ለገዥው ዐይን መንትያ ናቸው። ቁመታቸው አንድ፣ ቅጠላቸው አንድ፣ የሚሰጡት ፍሬም አንድ ዐይነት ሊሆን ይችላል። ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ ግን አንደኛው ከቤቱ ጣራ በላይ ወጥቶ የጎረቤትን ግቢ ሲያጨልም፣ ሁለተኛው ሰው ከመሬት ሳይነሣ እጁን ዘርግቶ የሚለቅመው ሆኖ ይገኛል። የልዩነቱ ምክንያት ያለው ገዥው ሊያየው በማይችልበት ስፍራ፣ ከአፈር በታች ባለው ሥር ነው። ዐሥር እርምጃ ጓሮ ብቻ ላለው ሰው ይህ ጉዳይ ቀላል አይደለም፤ የፍሬ ዛፍ ሊኖረው ወይም ላይኖረው የሚችለው በዚሁ ነውና። የድንክ ፖም ታሪክም በአብዛኛው ይህን የማይታይ ሥር ለይቶ የማወቅ፣ ካወቁም በኋላ ለገዥው በትክክል የመንገር ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የባልደረቦቻችን ዕለታዊ ሥራ ቢሆንም ለታሪኩ መነሻ እንዲሆን አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። የፖም ዘር ቢተከል እናቱን የሚመስል ዛፍ አይወጣውም። በመካከለኛው እስያ፣ በቲያን ሻን ተራሮች ላይ ዛሬም በዱር የሚበቅለው የፖም ዘመድ ከዛፍ ዛፍ በመልክም፣ በመጠንም፣ በጣዕምም የተለያየ ነው፤ ይህም ጠባይ ለማዳው ፖም ላይ አልጠፋም። ስለሆነም ሰው የወደደውን ፖም ለማቈየት ያለው መንገድ አንድ ብቻ ሆኖ ኖሯል፤ ይኸውም ከወደደው ዛፍ ቅርንጫፍ ቈርጦ ሥር ባለው ሌላ ግንድ ላይ ማጣበቅ ነው። ከላይ የተጣበቀው ቅርንጫፍ የፍሬውን ዐይነት ይወስናል። ከታች ያለው የሥር ግንድ ደግሞ የዛፉን ቁመት፣ ፍሬ የሚጀምርበትን ዕድሜ፣ ለአፈርና ለተባይ ያለውንም ብርታት ይወስናል። ከዘር የበቀለ ብርቱ የሥር ግንድ ከ6 እስከ 9 ሜትር የሚደርስ ዛፍ ሲሸከም፣ ደካማው ያንኑ ዝርያ ከሦስት ሜትር በታች ያቆመዋል።

አጭር ሆኖ የሚቀር ፖም መኖሩ ከጥንት ጀምሮ ሳይታወቅ አልቀረም። ታላቁ እስክንድር ከእስያ ዘመቻው አጫጭር የፖም ተክሎችን ወደ አቴና እንደላከ፣ እነርሱም የአርስቶትል ደቀ መዝሙር ለነበረው ለቴኦፍራስጦስ እንደደረሱ በአትክልት ጸሐፊዎች ዘንድ ተደጋግሞ ይነገራል። ታሪኩ ያማረ ቢሆንም ብዙ ክብደት ሊጣልበት አይገባም። ከዚህ ይልቅ ርግጥ የሆነው የስሙ ጉዞ ነው። በ15ኛውና በ16ኛው ምዕተ ዓመት ፈረንሳዮች ለዚህ አጭር ፖም «ፓራዲ» የሚል ስም ሰጥተውት ነበር። ቃሉ ከጥንት ፋርሶች የመጣ ሲሆን በመጀመሪያ ትርጉሙ በግንብ የታጠረ ስፍራ ማለት ነው። ከፋርስ ወደ ግሪክ፣ ከግሪክም ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ ገብቶ የአዳምና የሔዋን መኖሪያ ስም ሆነ። የእኛው «ገነት» የሚለው ቃልም በግእዝ የአትክልት ቦታ ማለት እንደሆነ ለሚያስታውስ አንባቢ የሁለቱ ቃላት መንገድ መመሳሰል አይሰወርበትም። በግንብ የታጠረ ስፍራ ደግሞ ጠባብ ስፍራ ነው፤ ስሙ ለድንኩ ፖም መሰጠቱ ያለ ምክንያት አልነበረም ማለት ይቻላል።

ግንቡ በእርግጥ የታየው በቬርሳይ ነው። የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ቤተ መንግሥቱን በዚያ ሲያስፋፋ ለማዕዱ የሚሆን የፍራፍሬና የአትክልት ቦታ እንዲዘጋጅ አዘዘ። ሥራው የተሰጠው ዣን ባፕቲስት ደ ላ ኬንቲኒ ለሚባል ሰው ነበር። ይህ ሰው የተማረው ሕግ ነው፤ ጠበቃ ሆኖም ሠርቶ ነበር። ወደ አትክልት የሳበው በጣሊያን አገር ያየው የአትክልት ቦታ እንደሆነ ይነገራል። ለሥራው የተመደበለት መሬት ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ የሚገኝ፣ ሕዝቡ «የሚሸተው ኩሬ» እያለ የሚጠራው ረግረግ ነበር። ረግረጉን ለማድረቅ ቦይ ተቈፈረ፤ ከሳቶሪ ኮረብታ አፈር እየተጓዘ ተደለደለ፤ ቦታውም በግንብ እየተከፋፈለ ብዙ አደባባዮች ተሠሩበት። ግንባታው ከ1678 እስከ 1683 ድረስ አምስት ዓመት ወሰደ። ስፋቱ ዘጠኝ ሄክታር ያህል ሲሆን እስከ ዛሬ ድረስ ቆሞ ፍሬ ይሰጣል።

ላ ኬንቲኒ ዛፎቹን በግንቡ ላይ አስደግፎ፣ ቅርንጫፎቻቸውን እንደ እጅ ዘርግቶ እያሰረ ያሳድጋቸው ነበር። ግንቡ ቀን የፀሐይን ሙቀት ተቀብሎ ሌሊት መልሶ ስለሚሰጥ ፍሬው ከሌላ ቦታ ቀድሞ ይበስላል። ይህ ሁሉ ሊሆን የቻለው ዛፎቹ በባሕርያቸው ትንንሽ ስለነበሩ ነው። ፒር የሚባለውን ፍሬ፣ ንጉሡ አብዝቶ ይወደው ነበርና፣ በኩዊንስ ሥር ላይ አጣበቀው፤ ኩዊንስ የፒር ዘመድ ሆኖ ቁመቱ አጭር የሆነ ተክል ነው። ፖሙን ደግሞ በፓራዲ ላይ አጣበቀ። ይሁን እንጂ የቬርሳይ ድንክ ዛፍ ቦታ ለመቈጠብ የተተከለ አልነበረም፤ ለንጉሥ ቦታ ምን ይቸግረዋል! የተፈለገው ቀድሞ የበሰለ፣ መልኩ ያማረ ፍሬ ነበር። ለዚህም ዕለት በዕለት የሚቈርጥ፣ የሚያስር፣ የሚከልል የሠራተኛ ብዛት ያስፈልግ ነበር። ላ ኬንቲኒ በ1688 ሞተ፤ ልምዱን የጻፈበት መጽሐፍ በ1690 ታተመ፤ በ1693ም ጆን ኢቭሊን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አወጣው። በዚህ ሁኔታ የንጉሥ ግቢ ጥበብ ገንዘብ ላለው የአገር ሰው ሁሉ ደረሰ። ለድሀው ጓሮ ግን ገና ሁለት ምዕተ ዓመት ቀርቶት ነበር።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ኢንዱስትሪ እንግሊዝን ሲለውጣት በከተማ ዳር ትንሽ ግቢ ያለው ቤት በዛ። በሶብሪጅወርዝ የችግኝ ጣቢያ የነበረው ቶማስ ሪቨርስ ይህን ገበያ ከሁሉ በፊት ካስተዋሉት አንዱ ነው። ስለ ትንንሽ የፍራፍሬ አትክልት የጻፈው መጽሐፍ በተደጋጋሚ የታተመ ሲሆን፣ ፒርን በኩዊንስ ላይ፣ ፖምን በፓራዳይዝ ላይ አድርጎ እንደ ፒራሚድ ወይም እንደ ቁጥቋጦ ማሳደግን ለተራው ባለ ግቢ አስተማረ። ሪቨርስ ከቻርልስ ዳርዊን ጋር ሳይቀር ስለ ተክሎች ጠባይ ይጻጻፍ የነበረ አስተዋይ ሰው ነበር። ነገር ግን እርሱም ሆነ የሞያ ባልደረቦቹ ሊያልፉት ያልቻሉት አንድ መሰናክል ነበር።

መሰናክሉ ስም ነው። የሥር ግንድ የሚራባው በዘር አይደለም። ግንዱን ከመሬት አጠገብ ቈርጦ፣ የሚያቈጠቁጡትን ቀንበጦች አፈር አልብሶ፣ ሥር ሲያበቅሉ እየነጠሉ በመትከል ነው። ከአንድ እናት በዚህ መንገድ የወጡት ሁሉ በጠባያቸው አንድ ናቸው። ስለዚህ ነገሩ የተጣራ ሊሆን በተገባው ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በመደቡ መካከል በራሱ የበቀለ የዘር ችግኝ ይቀላቀላል፤ አንዱ አትክልተኛ ከሌላው የገዛውን በሰማው ስም ይጠራዋል፤ ጎረቤቱም በሌላ ስም። በዚህ ዐይነት በምዕተ ዓመቱ መጨረሻ «የፈረንሳይ ፓራዳይዝ»፣ «የእንግሊዝ ፓራዳይዝ»፣ «ሰፊ ቅጠል ፓራዳይዝ»፣ «ዱሳን» የሚባሉት ስሞች በየአገሩ ተሠራጭተው፣ አንዱ ስም ለብዙ ተክል፣ አንዱ ተክልም በብዙ ስም የሚጠራ ሆነ። ድንክ ነው ተብሎ የተሸጠ ዛፍ ከዐሥር ዓመት በኋላ ግዙፍ ሲሆን ገዥው የሚከሰው ማንን ነው? ሻጩም ራሱ ሳያውቅ ተታልሎ ነበርና። ችግኝ እንደ በሬ አይደለም፤ ጥርሱን ከፍተው አያዩትም።

ይህን ውጥንቅጥ የፈቱት በእንግሊዝ አገር በኬንት አውራጃ፣ በኢስት ሞሊንግ የተሰባሰቡ ሰዎች ናቸው። የፍራፍሬ ምርምር ጣቢያው የተቋቋመው በ1913 በአካባቢው የፍራፍሬ ገበሬዎች ግፊት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ኃላፊ ዌሊንግተን የፓራዳይዝ ዐይነቶችን ከእንግሊዝና ከሌሎች የአውሮፓ አገሮች ማሰባሰብ ጀምሮ ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ እርሱ ወደ ጦር ሠራዊት ሄደ፤ ሥራውም ሮናልድ ሃተን ለሚባል ወጣት ተላለፈ።

ሃተን እንደ ላ ኬንቲኒ ሁሉ በሌላ በር የገባ ሰው ነው። በኦክስፎርድ ከተማረ በኋላ በእርሻ የቀን ሠራተኛነት እየዋለ ያየውን የገጠር ሠራተኛ ኑሮ በብዕር ስም በ1913 መጽሐፍ አድርጎ አሳትሟል። ኃላፊነቱን ሲቀበል መሬቱ ትንሽ፣ ሠራተኛውም በጦርነቱ ምክንያት ጥቂት ነበር። የወሰደው መንገድ ግን ትዕግሥት ለሚያውቅ ሰው ቀላል ነው። ከየስፍራው የመጡትን ተክሎች ስማቸውን ሳይሰማ ጎን ለጎን ተከላቸው፤ ቅጠላቸውን፣ የቀንበጣቸውን ቀለም፣ የሥራቸውን አበቃቀል፣ ሲፈቀድላቸውም አበባቸውንና ፍሬያቸውን እየመረመረ የሚመሳሰሉትን በአንድ፣ የሚለያዩትን በየፊናቸው መደበ። በ1917 የመጀመሪያውን ውጤት ሲያሳትም ለየዐይነቱ የሰጠው መጠሪያ ስም አልነበረም፤ ቍጥር ነበር። ከአንድ እስከ ዘጠኝ በሮማውያን ቍጥር ጽፎ «ሞሊንግ» የሚለውን የቦታ ስም አስቀደመበት፤ በኋላም ሌሎች ተጨመሩ። አሮጌዎቹ ስሞች ከመቀላቀላቸው የተነሣ የትኛውም ቢመረጥ ስሕተቱን ይዞ የሚቀጥል ነበርና፣ ታሪክ የሌለው ቍጥር ይሻል ነበር። የፍራፍሬ ሰዎች ለውበት ያላቸውን ፍቅር ለሚያውቅ፣ ይህ ውሳኔ ምን ያህል ድፍረት እንደጠየቀ መገመት አያዳግተውም።

ከእነዚያ ዐይነቶች መካከል ሁለተኛው የቀድሞው ዱሳን፣ ስምንተኛው የፈረንሳይ ፓራዳይዝ ሆኑ። የዓለምን የፖም እርሻ የለወጠው ግን ዘጠነኛው፣ ዛሬ ኤም. 9 የሚባለው ነው። አመጣጡ በ1879 በሜትስ ከተማ አካባቢ የተገኘና «የሜትስ ቢጫ» ይባል የነበረ ተክል ሲሆን፣ ያን ጊዜ ከተማዋ ከፈረንሳይ ተወስዳ በጀርመን እጅ ነበረች። በኤም. 9 ላይ የተጣበቀ ፖም ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል ወይም ሦስት ሜትር ያህል ሆኖ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ፍሬ ይጀምራል። ከዘር በበቀለ ሥር ላይ የተጣበቀው ወንድሙ እስከ ሰባትና ስምንት ዓመት ሊያስጠብቅ ይችላል። ለባለ ጓሮ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በሽምግልናው የተከለውን ራሱ ሊበላው ይችላልና።

ደግሞም ነውር አለበት። ሥሩ ተሰባሪ ስለሆነ ዛፉ ዕድሜውን ሙሉ ምርኩዝ ይፈልጋል፤ ድርቅን አይታገሥም፤ ከሣር ጋር ተሻምቶ አያሸንፍም። ትልቁ ዛፍ ሠላሳ ዓመት ብቻውን ሲኖር፣ ድንኩ ያለ ሰው እጅ ሁለት ክረምት መኖር ይቸግረዋል። ሃተን ራሱ ለሁሉ ቦታ የሚሆን አንድ ሥር እንዳለ አልተናገረም፤ ለዚያም ነው ዐይነቶቹን ከድንክ እስከ ግዙፍ በየደረጃው ያስቀመጠው። እስከ 1949 ድረስ ጣቢያውን በኃላፊነት መርቷል።

ቀጥሎ የመጣው ማሻሻል ከሩቅ አገር በመጣ ጩኸት የተነሣ ነው። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ የፖም ሥር ላይ ተጣብቆ የሚያቈስል፣ ነጭ ሱፍ የለበሰ የሚመስል ክሽክሽ የሞሊንግን ሥሮች ይፈጃቸው ነበር። በአሜሪካ በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር በ1800 ገደማ የተገኘው «ኖርዘርን ስፓይ» የሚባል ፖም ግን ይህ ተባይ አይደፍረውም። ስለሆነም ኢስት ሞሊንግ በለንደን አቅራቢያ በሜርተን ከነበረው የጆን ኢንስ ተቋም ጋር ተባብሮ ኖርዘርን ስፓይን ከአሮጌዎቹ ሥሮች ጋር አዳቀለ። ከ101 ጀምሮ ቍጥር የተሰጣቸው የሞሊንግ ሜርተን ዐይነቶች የተወለዱት ከዚህ ነው። ከእነርሱ መካከል ኤም.ኤም. 106 የኖርዘርን ስፓይና የሞሊንግ አንድ ልጅ ነው፤ ፈጽሞ ድንክ ሳይሆን መካከለኛ ቁመት አለው፤ ያለ ምርኩዝ ይቆማል፤ ፍሬውም ብዙ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ኢስት ሞሊንግ ከኤም. 9 ራሱ የወለደው ኤም. 27 በ1970ዎቹ ሲወጣ ከሁለት ሜትር የማይበልጥ፣ በትልቅ ገንቦ ሊያድግ የሚችል ዛፍ ሆነ። በሶቪየት ኅብረት በሚቹሪንስክ ከተማ ቡዳጎቭስኪ የተባለው ሊቅ የፈረንሳይ ፓራዳይዝ የነበረውን ሞሊንግ ስምንትን ቅጠሉ ቀይ ከሆነ የአገሩ ፖም ጋር አዳቅሎ ውርጭን የሚችል ድንክ ሥር አገኘ።

ሥሩ ዛፉን የሚያሳንሰው እንዴት ነው? ጥያቄው ለብዙ ዓመታት ተመርምሯል፤ መልሱ አሁንም ያልተሟላ ነው። የድንኮቹ ሥሮች ቅርፊታቸው ወፍራም፣ ውኃ የሚያሳልፉት ቧንቧዎቻቸው ጠባብ መሆናቸው ተስተውሏል። ከቅርንጫፍ ጫፍ ወደ ሥር የሚወርደው የዕድገት ሆርሞን በእነርሱ ዘንድ ይዘገያል። በቅርብ ዘመን የዘር ውርስ ምርመራ ደግሞ የኤም. 9 ድንክነት በዋናነት በአምስተኛው ክሮሞዞም ላይ ካለ አንድ ስፍራ ጋር የተያያዘ መሆኑን፣ በዓለም ላይ ካሉት ድንክ ሥሮች አብዛኞቹም ያንኑ ውርስ የተሸከሙ መሆናቸውን አሳይቷል።

ይህ የመጨረሻው ግኝት ሲያስቡት የሚያሰጋ ነው። ሚሊዮን ሚሊዮን ዛፎች በአንድ ሥር ላይ ሲቆሙ የአንዱ ድካም የሁሉ ድካም ይሆናል። በሰሜን አሜሪካ «ፋየር ብላይት» የሚባለው፣ ቅርንጫፉን እሳት የለበለበው አስመስሎ የሚያደርቅ የባክቴሪያ በሽታ ኤም. 9ንና ኤም. 26ን ከሥራቸው ሲገድል ታይቷል። በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር በጄኔቫ የሚገኘው የምርምር ጣቢያ በ1968 የጀመረው የማዳቀል ሥራ በሽታውን የሚቋቋሙ ድንክ ሥሮችን ለማግኘት ነበር፤ አግኝቷልም።

የዚህ ታሪክ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ አገራችን ደርሷል። ከአርባ ምንጭ በላይ ባሉት የጋሞ ደጋዎች፣ በጨንቻ፣ ፖም በ1950ዎቹ በወንጌላውያን ሚስዮናውያን አማካይነት ገባ። በዚያ ደጋ እንሰትና ገብስ የሚያበቅለው ሕዝብ ብዙ፣ የአንዱ ቤተ ሰብ መሬት ግን እጅግ ጠባብ ነው፤ በሽመና ሞያም ብዙ ሰው ርቆ ይሄዳል። ግዙፍ ዛፍ የገብሱን ማሳ በጥላው ስለሚውጠው በእንዲህ ያለ ቦታ አይታሰብም። በጨንቻ ከተስፋፉት ሥሮች ዋነኛው ኤም.ኤም. 106 ነው፤ ለአውስትራሊያ ገበሬ ተብሎ የተዳቀለው ሥር በጋሞ ጓሮ ከእንሰቱ አጠገብ ቆመ ማለት ነው። የደጋችን ብርድ ቀዝቃዛ ቢሆንም እንደ አውሮፓ ክረምት የጠነከረ ስላልሆነ ከላይ የሚጣበቀው ዝርያ አነስተኛ ብርድ የሚበቃው ሊሆን ይገባል፤ ለዚህም በእስራኤል የተዳቀለው «አና» እና በባሃማስ ደሴቶች የተገኘው «ዶርሴት ጎልደን» ወደ አገራችን ከገቡት ይገኛሉ።

በጨንቻ ከፍሬው ሽያጭ ጎን የችግኙ ሽያጭ ለብዙ ገበሬዎች ትልቅ ገቢ ሆነ። የጨንቻ ችግኝ ወደ ሌሎች ደጋዎችም ተጓዘ፤ ሥርን ከቅርንጫፍ ማጣበቅን ገበሬው ራሱ በቢላዋና በፕላስቲክ ማሰሪያ ተክኖበታል። እዚህ ላይ የሃተን ዘመን ጥያቄ ይመለሳል። ከላይ ያለውን ዝርያ ገዥው ይጠይቃል፤ ሻጩም ይናገራል፤ የሥሩን ቍጥር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ችግኙ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የታሰረበት ምልክት ከወደቀ፣ መካከለኛ ተብሎ የተገዛው ምን እንደሆነ የሚታወቀው ገዥው ቦታውን ለይቶ፣ ጉድጓዱን ቈፍሮ፣ ዐሥር ዓመት ከጠበቀ በኋላ ነው። ለባለ ሰፊ እርሻ ይህ ኪሳራ የሚቻል ሊሆን ይችላል። ሦስት ዛፍ ብቻ የሚያስተክል መሬት ላለው ሰው ግን ከእርሻው ሢሶው ነው።

የሥሩ ምንነት በትክክል ታውቆ እንኳ አንድ ቀላል ስሕተት ሁሉን ሊያፈርሰው ይችላል። ቅርንጫፉ ከሥሩ ጋር የተጣበቀበት እብጠት ከመሬት በላይ፣ ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ መታየት አለበት። ተካዩ ችግኙ እንዲጸና ብሎ አፈሩን እስከ እብጠቱ ድረስ ከቈለለው፣ ከላይ የተጣበቀው ቅርንጫፍ ቀስ ብሎ የራሱን ሥር ይሰድዳል፤ ድንኩ ሥር ከታች እየመነመነ ይሄዳል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ዛፉ ጣራውን አልፎ ይወጣል።